መቅዳት ወይስ መኮረጅ?

በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ «ሰፈርህን ሣል» ቢባል ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቤት እንዳለ ቀድቶ አመጣልኝ። ዜሮ ሰጠሁት፤ «ኮራጅ!» ብዬም በጓደኞቹ ፊት አሳፈርኩት። እነሆ ዛሬ እኔው ራሴ እዚህ ካምፕ ውስጥ በካርቶን ላይ በከሰል የሌላ ሰው ሥዕል ስቀዳ እውላለሁ።

የምቀዳው ከአሮጌ መጽሐፍ ከተገነጠለ ገጽ ነው። ኢጣሊያዊው ማዛቾ እ.ኤ.አ. በ1420ዎቹ በፍሎሬንስ ከተማ፣ በብራንካቺ ጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ የሣለው፣ የአዳምና የሔዋን ከገነት መባረር ነው። ማዛቾ የሞተው ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው። የሣለውም በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ ሲሆን፣ ልስኑ ሲደርቅ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አንድ ስለሚሆን እንደ ልብ ማረም አይቻልም። ስለዚህ በየዕለቱ የሚለሰነው በዚያው ቀን ተሥሎ የሚያልቀው ያህል ብቻ ነበር። እኔ ግን ከሰሉን በጨርቅ እያበስኩ ሦስት ወር ፈጋሁበት!

ሚኬላንጄሎም በወጣትነቱ ከዚያው ጸሎት ቤት ጴጥሮስን ቀድቷል፤ ወረቀቱ ዛሬ ሙኒክ ይገኛል። እርሱን ኮራጅ ያለው የለም።

በእኛ አገር ለዚህ ነገር ሁለት ሚዛን አለ። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ ከራሱ አንዲት ፊደል ቢጨምር ጥፋት ነው። የቅኔ ተማሪ ግን የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ይናቃል። (ቅኔ ይዘረፋል እንላለን፤ የሚዘረፈው ግን ከሰው ላይ አይደለም።) ሥዕል የሚማር ሰው በየትኛው ሚዛን ይመዘን?

አዳም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፤ እርሱ አላስቸገረኝም። ሔዋን ግን አፏን ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ቅንድብና ብሌን ያለው ዓይን ሠራሁላት። አላለቀሰችም። ገጹን ደጋግሜ ባየው ማዛቾ እንዲህ ያለ ዓይን አልሠራም፤ ያዘነበሉ ጥቁር ጥላዎች ብቻ ናቸው። የሣልኩት ያየሁትን ሳይሆን ዓይን ማለት ምን እንደሆነ አስቀድሜ የማውቀውን ኖሯል።

የቁም ጸሐፊው ታማኝነትም ብቻውን አላዋጣኝም። በገጹ ላይ ሁለቱም ኀፍረታቸውን የሚሸፍን ቅጠል አላቸው፤ እርሱንም አንድ በአንድ ቀዳሁ። ኋላ እንደተረዳሁት ቅጠሉ ከ250 ዓመት ገደማ በኋላ በሌላ እጅ የተጨመረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተካሄደው እድሳትም ተነሥቷል። የማዛቾ እያልኩ የደከምኩት ለሌላ ሰው ሥራ ነበር።

«የራሳችን ስደት አንሶ ነው የፈረንጅ ስደት የምትሥለው?» አለኝ ጎረቤቴ። ሐቅ አለው። ስለዚህ ገጹን አጥፌ የመጣንበትን መንገድ ሣልኩ፤ እናቶቹን፣ ሕፃናቱን፣ አህያዋን። ውድ አንባቢ፣ ለሁሉም የሰጠኋቸው ያችኑ በማስተማሪያ ኮሌጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማርኳትን ዓይን ነበር፤ ለአህያዋ ሳይቀር። ከማንም አልቀዳሁም ባልኩበት ሰዓት፣ ከማን እንደቀዳሁ እንኳ ሳላውቅ ስቀዳ ነበር ማለት ነው። ማዛቾን ስቀዳ ቢያንስ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የት ላይ እንደሳትኩም ገጹ ይነግረኛል።

አሁን አምስተኛውን ቅጂ ይዣለሁ። ቅጠሉን ትቼዋለሁ፤ የሔዋን ጥላ ግን እስካሁን አልመጣልኝም። ያንን ልጅ ቤቱን ሲቀዳ ምን እንዳየበት አልጠየቅኩትም። ወረቀቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ነው የመለስኩለት።