ስሙ ያልተጻፈ አባት

ሰው ይህን ዓለም ትቶ ከሄደ በኋላ በልጅ ልጆቹ ላይ የሚቀረው ስሙ ነው ወይስ ደሙ የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል፣ ሲመረምሩት ግን ፈላስፋውንም የሃይማኖት መምህሩንም የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነው፤ አብዛኞቻችን ስምና ደም በአንድ መንገድ የሚጓዙ፣ አንዱ ባለበት ሌላው የማይታጣ አድርገን ስለምናስብ፣ ተለያይተው በተገኙ ጊዜ የትኛውን የሐረገ ትውልድ እውነተኛ ምስክር አድርገን እንደምንቀበል አስቀድመን አልወሰንንምና። ይህን ጥያቄ በአንድ አውራጃና በአንድ የቤተሰብ ስም ላይ ተገልጦ እንድናየው የሚያደርግ ነገር በእንግሊዝ አገር ተገኝቷል፤ እኔም ባሰብሁት ቍጥር ከሳይንስ ዜናነት የሚበልጥ ቁም ነገር ስላየሁበት፣ አንባቢ አብሮኝ እንዲመረምረው እወዳለሁ።

የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም እንደ እኛ የአባት ስም በየትውልዱ የሚለወጥ አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ እንዳለ የሚወርድ ርስት ነው። ልማዱ ግን እጅግ ጥንታዊ አይደለም። ኖርማኖች በ1066 (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) አገሩን ከያዙ በኋላ፣ መጀመሪያ በባለ ርስት መኳንንት ዘንድ ታየ፤ ቀጥሎም በነጋዴውና በገበሬው ዘንድ ቀስ በቀስ እየተስፋፋ ሄዶ እስከ 1400 ገደማ በአብዛኛው ሕዝብ ላይ ጸና። አንዱ በሥራው፣ አንዱ በአባቱ ስም፣ ሌላው በመልኩ ወይም በጠባዩ፣ ሌላውም በመጣበት መንደር ተጠራ። ብረት ቀጥቃጭ የማያስፈልገው መንደር ስላልነበረ «ስሚዝ» የተባለው ስም በየስፍራው ለየብቻው ተወለደ፤ ከአንዲት ትንሽ መንደር የወጣ ስም ግን ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ተሰጥቶ፣ የዚያ ሰው ዘር ሲበዛ አብሮ የሚበዛ፣ ሲነጥፍም አብሮ የሚነጥፍ ሆነ። ገበሬው ከሚያርሰው መሬት ርቆ ስለማይሄድ፣ ልጁም የሚያገባው በእግር ተሂዶ ከሚደረስበት አጥቢያ ስለ ነበረ፣ እንዲህ ያለው ብርቅ ስም ለብዙ መቶ ዓመታት በተወለደበት ምድር ዙሪያ ተሰብስቦ ይገኛል። የ8ኛው ሄንሪ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በ1538 እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ ካዘዘ ወዲህ፣ የስሞቹን ጉዞ በካህናቱ የእጅ ጽሕፈት መከተል ተችሏል።

ስም እንዴት እንደሚጠፋ እንግሊዛዊው ሊቅ ፍራንሲስ ጋልተን በ1870ዎቹ ያነሣውን ጥያቄ በስሌት ለመመለስ የተነሣው ሰው ሄንሪ ዊልያም ዋትሰን የተባለ ቄስ ነበር። ሕፃናትን በየስማቸው የሚያጠምቅ፣ ሙታንን በየስማቸው የሚቀብር ካህን ስለ ስሞች ሞት መጨነቁ የሚያስደንቅ አይደለም። ወንድ ልጅ ሳይተካ የሚሞት አባት በየትውልዱ ስለሚኖር፣ ብዙ ስሞች ያለ ማንም በደል፣ ያለ ቤተሰቡም ድካም፣ በዕጣ ብቻ እየጠፉ ይሄዳሉ። ዛሬ ብርቅ የሆነ ስም እንግዲህ ከብዙ ጠፊዎች መካከል የተረፈ ቅሬታ ነው።

አሁን ወደ ደም እንምጣ። ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የዘር ቅንጣት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይወርዳል፤ የእንግሊዞች የቤተሰብ ስምም በልማድ የሚወርደው በዚያው መንገድ ስለሆነ፣ ሁለቱን አስተያይቶ መመርመር ይቻላል። በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ባሳተሙት ጥናት 40 የቤተሰብ ስሞችን የያዙ 1,678 ወንዶችን መርምረው፣ ስሚዝ ተብለው የሚጠሩት ሰዎች በአባት በኩል ከማንኛውም መንገደኛ የበለጠ ዝምድና እንደሌላቸው፣ ብርቅ ስም የያዙት ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ አባት ልጆች እንደሆኑ አሳዩ። በኖቲንግሃምሻየር፣ በትሬንት ወንዝ አጠገብ ካለች መንደር የተወሰደውን «አተንቦሮ» የተባለውን ስም ከያዙት ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ አንድ ዓይነት ዋይ ክሮሞዞም ይዘው ተገኙ። ይህን ያነበበ ሰው ስምና ደም በእርግጥ አብረው የሚኖሩ ናቸው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ነገር ግን እነዚሁ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሁለት ዓመት ቀደም ብለው፣ በ2007፣ ያሳተሙት ጥናት ያን መደምደሚያ ያናውጠዋል። ጥናቱ መሠረቱ በምሥራቅ ዮርክሻየር ስለሆነ አንድ ብርቅ የቤተሰብ ስም ነው፤ ባለቤቶቹ በሕይወት ያሉ ቤተሰቦች ስለሆኑ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ይህን ስም የያዘ አንድ እንግሊዛዊ ዋይ ክሮሞዞሙ ሲመረመር «ኤ1» ከተባለው ወገን ሆኖ ተገኘ። ይህ ወገን ከሰው ልጅ የአባት ሐረግ ሥር ላይ ከሚወጣው እጅግ ጥንታዊ ቅርንጫፍ የሚመደብ፣ የአፍሪካ ብቻ ተብሎ የታወቀ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በብሪታንያም ሆነ በምዕራብ አውሮፓ ታይቶ የማይታወቅ ነበር፤ ከአፍሪካውያኑ ጋር ሲነጻጸርም ወደ ምዕራብ አፍሪካ አመለከተ። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ስም የያዙ ሌሎች 18 ወንዶችን ፈልገው ቢመረምሩ 7ቱ ይህንኑ የአፍሪካ ምልክት ይዘው ተገኙ፤ 11ዱ ግን አልያዙትም። የ7ቱ ትውልድ በመዝገብ ሲፈተሽ በሁለት ሐረግ ተከፈለ፤ የየሐረጉ የጋራ አባት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዮርክሻየር የኖረ ሰው ነበር፤ ሁለቱ ሐረጎችም ከዚያ ጥቂት ትውልድ ቀደም ብሎ በአንድ አባት እንደሚገናኙ የዘሩ ምስክርነት አመለከተ።

ያ አፍሪካዊ አባት መቼ መጣ? መንገዱ ብዙ ነው። በሌፕቲስ ማግና፣ በሰሜን አፍሪካ የተወለደው ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲምዮስ ሴዌሮስ በ211 ያረፈው በዚያው በዮርክ ከተማ ነው፤ በ3ኛውም መቶ ዓመት በሐድርያኖስ ግንብ ምዕራባዊ ጫፍ አጠገብ ማውሪ የተባሉ የሰሜን አፍሪካ ወታደሮች ሰፍረው እንደ ነበር የድንጋይ ጽሕፈት ይመሰክራል። በ1511 በ8ኛው ሄንሪ ፊት በፈረስ ላይ ሆኖ መለከት የሚነፋው አፍሪካዊው ጆን ብላንክ በብራና ላይ ተሥሎ ይታያል። ከዚያ በኋላም በባሪያ ንግድ ዘመን ብዙዎች በአገልጋይነት ወደ እንግሊዝ መጥተው፣ በየአጥቢያው ተጠምቀው፣ የእንግሊዝ ስም ተቀብለው በዚያው ቀርተዋል። ከእነዚህ መንገዶች በየትኛው እንደ መጣ ደሙ አይናገርም።

እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚይዘኝ የዘመኑ መገጣጠም ነው። ዊልያም ዊልበርፎርስ በ1759 የተወለደው በሃል፣ በዚያው በምሥራቅ ዮርክሻየር የወደብ ከተማ ነው፤ ከ1784 ጀምሮም የዮርክሻየር እንደራሴ ሆኖ በፓርላማ ተቀመጠ። የባሪያ ንግድ እንዲቀር በ1791 ያቀረበው ሐሳብ በ163 ድምፅ ተቃውሞና በ88 ድምፅ ድጋፍ ወደቀ፤ ሕጉ በ283 ድምፅ ለ16 የጸናው በ1807 ነው። በእነዚያ ዓመታት፣ አፍሪካዊው እንደ ዕቃ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ እየተባለ በሎንዶን ሲከራከሩ፣ የአንድ አፍሪካዊ ልጆች በዚያው እንደራሴው በወከለው አውራጃ ውስጥ፣ በሕዝቡ ዘንድ ፍጹም እንግሊዛዊ በሆነ ስም እየተጠሩ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በአርዮስፋጎስ ቆሞ እግዚአብሔር የሰውን ወገን ሁሉ ከአንድ እንደ ፈጠረ ባስተማረ ጊዜ የአቴና ሊቃውንት ትምህርቱን የሰሙት እንደ ፍልስፍና ነበር፤ በዮርክሻየር ግን ይኸው ትምህርት ማንም ሳያውቀው በአጥቢያ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ስሙና ደሙ እንዴት ተገናኙ ብሎ ለሚጠይቅ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው፣ ያ አፍሪካዊ ራሱ ወይም ከወንዶች ዘሩ አንዱ ስሙን በጥምቀት፣ በአሠሪው ቤት ወይም በሌላ ምክንያት ተቀብሎ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ልጅ በእናቱ ስም ተጠርቶ፣ ወይም ያን ስም በያዘ ሰው ቤት እንደ ልጅ አድጎ ይሆናል። በአንደኛውም ሆነ በሁለተኛው፣ አንድ ቀን በዮርክሻየር ምድር ስም ከደም ውጭ ተሰጥቷል። ምልክቱን ያልያዙት 11ዱም ቢሆኑ ከሌላ ጀማሪ የወጡ፣ ወይም በአንድ ትውልድ ላይ በጉዲፈቻ ወይም በተሰወረ አባትነት የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። እንግዲህ ከ18ቱ መካከል የስሙ እውነተኛ ወራሽ ማን ነው?

ደምን ብቻ የሚያከብር ሰው ይህን ጥያቄ እንደ ዳኛ ፈርዶ አንዱን ወገን ከስሙ ያስወጣ ነበር። ቅዱስ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይፈርድም። በኦሪት ወንድሙ ያለ ልጅ የሞተበት ሰው የወንድሙን ሚስት አግብቶ በኵሩን በሟቹ ስም እንዲያስጠራ፣ የሟቹም ስም ከእስራኤል እንዳይደመሰስ ታዟል፤ ሕጉ ራሱ ስምን ከደም ለይቶ፣ የአንዱን ልጅ በሌላው ስም አቁሟል። ማቴዎስ ዮሴፍን የያዕቆብ ልጅ፣ ሉቃስ ግን የኤሊ ልጅ ብለው መጻፋቸው አንባቢን ባስቸገረ ጊዜ፣ በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ክርስቲያናዊ ሊቅ ዩልዮስ አፍሪካኖስ ነገሩን የፈታው በዚሁ ሕግ ነው፤ ዮሴፍ በባሕርይ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው አለ። ከዚህም የሚጠልቅ ምሥጢር አለ፤ ማቴዎስ ከአብርሃም ጀምሮ ትውልዱን እየቈጠረ የሚያደርሰን በሥጋ የጌታ አባት ወዳልሆነው ወደ አረጋዊው ዮሴፍ ነው። የዳዊት ቤት ሐረግ በወንጌል መጀመሪያ ላይ የሚቆመው ደም በማያስተሳስረው አባት ነው፤ በዚያውም ሐረግ ውስጥ የኢያሪኮዋ ረዓብና ሞዓባዊቷ ሩት ሳይፋቁ ተጽፈው ይኖራሉ።

ስለዚህ የቤተሰብ ስም ኪዳን ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ቤት ይህ ልጄ ነው ብሎ የተናገረውን ቃል የሚጠብቅ ኪዳን ነው፤ 11ዱ ከ7ቱ፣ 7ቱም ከ11ዱ በዚህ ኪዳን አያንሱም።

ይህን ብሎ ማብቃት ግን ሌላ በደል ነው፤ ስም ለሁሉ የሚበቃ ከሆነ ያ አፍሪካዊ አባት ሁለተኛ ይጠፋል። ነቢዩ ኢሳይያስ ልጅ ለማይወልደው ጃንደረባ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚሻል ስም በእግዚአብሔር ቤት እንደሚሰጠው ተናገረ፤ ጃንደረባው ስም ያለው፣ ዘር ግን የሌለው ነበር። የዮርክሻየሩ አባት የእርሱ ተቃራኒ ነው፤ ዘሩ ተርፏል፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ከሁለቱ የሚበልጠው እጦት የትኛው ነው? እኔ የኋለኛው ይከብደኛል፤ ልጅ ያልወለደ ሰው በሚያውቁት ዘንድ ይታሰባል፣ ይህ ሰው ግን በገዛ ልጆቹ ዘንድ ሳይታወቅ ብዙ ትውልድ አለፈ። ሰው ወደ ኋላ አሥር ትውልድ ቢቈጥር 1,024 የአባትና የእናት ስፍራ ያገኛል፤ ዋይ ክሮሞዞም የሚመሰክረው ከእነዚያ ለአንዱ ብቻ ነው። ሰውየው ሴቶች ልጆች ወልዶ እንደ ሆነ የእነርሱ ዘር በሌላ ስም፣ ያለ አንዳች ምልክት፣ በዚያው አውራጃ ተበትኖ ይኖራል። በ7ቱ ላይ የታየው ምስክርነት እንኳ አንድ ትውልድ ወንድ ልጅ ባያገኝ ኖሮ የሚቋረጥ ቀጭን ክር ነበር።

ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሰዎች ፍጻሜ የሌለውን የትውልድ ቈጠራ እንዳያዳምጡ እንዲያዝዝ ነግሮታል፤ በዘር የሚመካን ሰው ማለቱ እንደሆነ አስባለሁ። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዱ ሐረገ ትውልዱን በብራና ላይ ቢጽፍ ግን የሚመካበት ሳይሆን የሚያመሰግንበት ይሆንለታል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ቢያማክረኝ፣ በመዝገብ የተገኘውን የመጀመሪያውን የዮርክሻየር ሰው በስሙ ጻፍ፤ ከእርሱ በላይ ግን ሁለት ስፍራ ተው፤ አንዱን ከምዕራብ አፍሪካ ለመጣው አባት፣ ሁለተኛውን ስሙን ለሰጠው ሰው፤ ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው እንደ ሆነም እግዚአብሔር ያውቃል እለው ነበር።