ለመሳቅ ፈቃድ

ለመሆኑ በሌላ ሰው ድርሰት ለማሾፍ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል? ጥያቄው የሕግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጠበቆች ትቼው ባለፍኩ ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ ማንኩሳን ያገኛሉ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ግን የበዛብህ አገር በመሆኗ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ስሟን ያውቃል። ባንድ ጉዞዬ አውቶቡሱ እዚያ ሲደርስ አንድ ወጣት የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ አስመስሎ ተያያዘው። በዛብህ ለሰብለ ወንጌል በሞባይል ይደውላል፤ የምትመልስለት ግን «የደወሉላቸው ደንበኛ…» የምትለዋ ሴት ናት። ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ብቻ «ነውር ነው፤ በሙት ሥራ አይቀለድም» አሉ።

የአዛውንቱ ቃል በሕግም መሠረት አያጣም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉትም በዚያው ዓመት ነበር። ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚቆይ መጽሐፉ እስከ 2046 ዓ.ም. ገደማ ባለቤት አለው። አዋጁ ምንጭ ጠቅሶ በልክ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ማሾፍን ግን በስም አያነሳም። እንዲያውም ደራሲው ክብሩን በሚነካ መልኩ ሥራው ሲዛባ የመቃወም መብት ይሰጠዋል። ሳያዛቡ ደግሞ ማሾፍ የለም!

ፈረንሳዮች በ1957 እ.ኤ.አ. ሕጋቸው ለቀልደኛው በር ከፍተዋል። በአሜሪካም ሚችል የጻፈችውን፣ ነቢይ መኮንን በእስር ቤት በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ያለውን ልብ ወለድ አሊስ ራንዳል የምትባል ደራሲ በባሪያ ልጅ አንደበት ገልብጣ ጻፈችው። ወራሾቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሰሱ፤ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አገደው፣ ይግባኝ ሰሚው እገዳውን አነሳ። እንግዲህ ፈቃድ ብትጠይቅ ኖሮ ማን ይሰጣት ነበር? የእመቤቶቹን ወግ የሚያሞግስ ተከታይ ለመጻፍ ፈቃድ ይገኛል፤ ለሚገለብጠው ግን አይገኝም። ፈቃድ የሚጠይቅ ፌዝ ባለቤቱ የወደደው ፌዝ ብቻ ይሆናል።

ይህ ሲባል ግን ሳቅ የሌባ መሸሸጊያ አይሁን። በጎጃም ቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚዘርፍ ተማሪ መሳለቂያ ነው፤ ትክክልም ነው። ደራሲዎቻችን መጽሐፋቸው በፎቶ ኮፒ ሲቸበቸብ ያዩ ሰዎች ናቸውና ቁጣቸው ይገባኛል። የበዛብህንና የሰብለን ስም በሸቀጥ ላይ ለጥፎ የሚነግድ ሰው በመጽሐፉ ላይ ምንም አልተናገረም፤ ዝናውን ብቻ ተበደረ። የአውቶቡሱ ወጣት ግን ያ ሁሉ መንከራተት ለዛሬ ሰው ምን እንደሚመስል አሳየን፤ የወሰደውም ታሪኩን እንድናውቀው የሚበቃውን ያህል ነው።

ደግሞስ ጉዱ ካሳን የፈጠሩት እኒያው ሐዲስ ዓለማየሁ አይደሉም? በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት የሳቅነው ከማን ፈቃድ አግኝተን ነው? ነገ አንዱ ተነስቶ ያንኑ ታሪክ በፊታውራሪው ቤት ወፍጮ ፈጪ አንደበት ልጻፈው ቢል፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይጻፈው እላለሁ። አዋጁ ግን እስካሁን ይህን አይልለትም።