ሌላው የጀመረውን የሚጨርስ ሰው ኃላፊነቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

አንድ ሰው የጀመረውን ሥራ ሌላው ተረክቦ ቢጨርሰውና በኋላ ጉዳት ቢደርስ ተጠያቂው ማን ነው? ጀማሪው ነውን ወይስ ጨራሹ? ብዙዎቻችን «እያንዳንዱ በሠራው ይጠየቃል» ብለን ቶሎ እንመልስ ይሆናል። መልሱም ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሥራው ሰው ተሸክሞ ወደ ሰማይ የሚወጣ አውሮፕላን ቢሆንስ? እስቲ ጥያቄውን በዚህ ምሳሌ እንመርምረው።

በአሜሪካ አገር በገዛ ቤታቸው አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ትልቁ ማኅበራቸው በ1953 እ.ኤ.አ. በሚልዋኪ ከተማ የተቋቋመ ሲሆን መሥራቹም ፖል ፖበረዝኒ ነበር። ከሚሠሯቸው አውሮፕላኖች መካከል አልትራላይት የሚባለው እጅግ ቀላሉ ነው። ፋብሪካው የክንፉን ቱቦ፣ ሸራውን፣ ቡሎኑንና የአሠራሩን ንድፍ በሣጥን አሽጎ ይልካል፤ ገዢው ደግሞ ከሥራ መልስና በዕረፍት ቀኑ በጋራዡ ውስጥ ይገጣጥመዋል። ሥራው ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይፈጃል። በዚህ መካከል ገንዘብ ያልቃል፤ ልጅ ይወለዳል፤ ጤና ይታወካል፤ ባለቤቱም ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ በጅምር የቀረው አውሮፕላን በርካሽ ይሸጣል። አዲሱ ገዢም «ከባዱ ሥራ ተሠርቶ ቆየኝ» ብሎ ደስ ይለዋል።

ዳሩ ግን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ይኸው «ተሠርቷል» የተባለው ክፍል ነው። ያልተሠራውን በእጁ ስለሚሠራው ያውቀዋል። የተሠራው ግን ተሸፍኗል። ክንፉ አንድ ጊዜ ሸራ ከለበሰ በኋላ ቡሎኑ በልኩ መጥበቁን፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ መታሰሩን፣ ብረቱ አለመዛጉን፣ ለዓመታት በቆመበትም አይጥ ጎጆ አለመሥራቷን ከውጭ ሆኖ ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ ገዢው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ያማረውን ክንፍ ቀዶ ውስጡን ያያል፣ ወይ ደግሞ የማያውቀውን ሰው እጅ አምኖ ይበራል። የመጀመሪያው ድካምና ገንዘብ ያስከፍላል። ሁለተኛው ምናልባት ምንም አያስከፍል ይሆናል፤ ምናልባት ግን ነፍስ ያስከፍላል።

ሕጉስ ምን ይላል? ከአልትራላይት ከፍ ያለ፣ በግለሰብ የተሠራ አውሮፕላን እንዲመዘገብ፣ ከሥራው የሚበዛው ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው በሠሩ ሰዎች እጅ መሠራቱ መታየት አለበት። ሠሪዎቹ ተከታትለው የተረካከቡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን የሥራው መዝገብ ያስፈልጋል። መርማሪም መጥቶ ያያል። በአልትራላይት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት አንድ መቀመጫ ብቻ ያለው፣ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ ገደማ በታች የሆነና ከ19 ሊትር ገደማ የበለጠ ነዳጅ የማይዝ ባለ ሞተር አውሮፕላን፣ ፍጥነቱም ከተወሰነለት ካላለፈ፣ የብቃት ምስክር ወረቀት አይጠየቅም፤ አብራሪውም መንጃ ፈቃድ አያስፈልገውም። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ከኅሊና በቀር መርማሪ የለም ማለት ነው።

ምናልባት «መቀመጫው አንድ ከሆነ ቢወድቅም የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ሕይወቱ የራሱ ናት» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ አነጋገር የሚጠብቁትን ወላጆች፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች ይረሳል። ደግሞም አውሮፕላኑ ነገ ለሌላ ይሸጣል፤ ያልተመረመረው ክንፍም ከነምስጢሩ ወደ ሦስተኛ ሰው ይተላለፋል።

ጉድለት ሁሉ በሸራ ውስጥ የተሰወረ አለመሆኑን ደግሞ አንድ የታወቀ አደጋ ያስተምረናል። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር ኦክቶበር 12 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በፓሲፊክ ግሮቭ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። ያበረው በርት ሩታን የነደፈውን፣ ሌላ ሰው በቤቱ የሠራውን ሎንግ ኢዚ የተባለ አውሮፕላን ነበር። አውሮፕላኑ አልትራላይት አልነበረም፤ በጅምር የተገዛም አይደለም፤ ቢሆንም የሌላውን ሥራ መረከብ ምን እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። ሠሪው ነዳጁን ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው የሚያዞረውን እጀታ ንድፉ ካዘዘው ቦታ አንሥቶ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አድርጎት ነበር። እጀታው ለእጅ እንደማይመች ዴንቨር ያውቅ ነበር፤ ከመነሣቱ በፊትም ከአንድ ቴክኒሽያን ጋር ተነጋግሮበት፣ በፒንሳ ለማስረዘም ተሞክሮ አልሆነም። ነዳጅም ሳይጨምር ተነሣ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በመረመረ ጊዜ፣ ዴንቨር እጀታውን ለማዞር ሲሞክር አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳቃተው ገለጸ። ከምክንያቶቹም መካከል የሠሪውን የቦታ ምርጫና የአብራሪውን የዝግጅት ማነስ አብሮ ቈጠረ።

ልብ እንበል! ቦርዱ አንዱን ኰንኖ ሌላውን ነጻ አላወጣም። የእኛም ጥያቄ መልስ ከዚህ ይገኛል። ስሕተቱ የሠሪው ነው፤ ማንም ሊወስድለት አይችልም። ስሕተቱን የመፈለግና የማረም ግዴታ ግን የተረካቢው ነው። «ይብረር» የሚለውን የመጨረሻ ቃል የሚናገረው እርሱ ነውና፣ ሌላው ያጠበቀው ቡሎን ሁሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእርሱ ቡሎን ይሆናል።

«ታዲያ ባላጠፋሁት ለምን ሁለት ጊዜ እደክማለሁ?» ብንል፣ ቅሬታው እውነት አለው። ነገር ግን ዋጋው ለምን እንደረከሰ እናስብ። ሻጩ የቀነሰው ገንዘብ የምርመራው ደመወዝ ነው። ቅናሹን ተቀብሎ ምርመራውን የሚተው ሰው ያልሠራበትን ደመወዝ እንደበላ ይቈጠራል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ለመብረር የቸኮለ ሰው ያተረፈ እየመሰለው ይከስራል።

ሥራውን ትቶ የሚሄደውም ዕዳ አለበት። ማቋረጥ በራሱ ነውር አይደለም፤ አቅም ያልቃል፣ ኑሮም ይለወጣል። ነውሩ ዝም ብሎ መሄድ ነው። «ይህን ሠርቻለሁ፤ ይህን አልጨረስኩም፤ ይህችን መጋጠሚያ ግን እጠራጠራታለሁ» ብሎ በመዝገብ ጽፎ የሚያስረክብ ሰው፣ ዋጋው ቢቀንስበትም የማያውቀውን ሰው ሕይወት ያድናል።

እኛ አውሮፕላን ባንሠራም በጅምር የተረከብነው ሥራ አይጠፋም። የዕድር የሒሳብ መዝገብ ሊሆን ይችላል፤ ጓደኛችን ለቅቆት የሄደው የሥራ ቦታም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስንረከብ ሸራውን ገልጠን እንይ፤ ስናስረክብም የምንጠራጠረውን ሳንደብቅ እንጻፍ። በመዝገባችን የምናምን ከሆነ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ሲያነበው ምን ያገኝ ይሆን?