የእናት ጾምና የሕፃን ረኃብ

ሕግ የሚጻፈው በብራና ላይ ነው፤ የሚፈጸመው ግን ብዙውን ጊዜ በጓዳ ውስጥ ነው። ሊቃውንት ስለ ጾም በጉባኤ ይመረምራሉ፥ ካህናትም በዐውደ ምሕረት ያውጃሉ፤ ድስቱን የምትጥደውና የምታወርደው፥ የቤቱንም ሰው እንደየዕድሜው የምትመግበው ግን እናት ናት። ስለዚህ ስለ ጾም ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ እጅግ የሚከብደው በምድጃ ዳር የሚነሣው ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ የምትጾም እናት ጾም ላልደረሰበት ሕፃንዋ የፍስክ ምግብ ብታበስል፥ ጾምዋን ትሽራለችን፥ ወይስ ትፈጽማለች?

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ወገራን አቋርጦ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ይደርሳል፥ ከዚያም በሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ይወርዳል። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ብርዳም ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና አተር ይበቅልበታል፥ በግም ይረባበታል። ሕዝቡ ጾም አክባሪ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ የነቢያት ጾም፥ የሐዋርያት ጾም፥ ፍልሰታ፥ ነነዌ፥ ገሃድ፥ ከዚህም ሁሉ ጋር ረቡዕና ዓርብ በአንድነት ሲቈጠሩ፥ ለምእመናን በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ጾም ይሆናል። ካህናትና መነኮሳትም ከዚህ አብልጠው ይጾማሉ። በእነዚህ ቀኖች ሥጋና ወተት፥ ቅቤና እንቍላል ከማዕድ ይርቃሉ፤ በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውሃ የማይቀምስ ብዙ ነው።

በዚህ አገር የምትኖር አንዲት እናት በሐሳብ ትታይ። ወሩ መጋቢት፥ ጊዜው የዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ ውሃ ቀድታለች፥ ኩበት ለቅማ እሳት አንድዳለች፥ የገብስ እንጀራ ጋግራ ለባልዋና ለትልልቆቹ ልጆች የሚሆን ሽሮ ሠርታለች። እርስዋ ራስዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀመሰችም። በጀርባዋ በአንቀልባ ያዘለችው ሕፃን ዐሥራ አራት ወር ሆኖታል። በጓሮዋ አንዲት ዶሮ ጥላለች፥ ጎረቤትዋም ላም ታልባለች። ነገር ግን የዶሮዋ እንቍላል ተጠራቅሞ ለቡናና ለጨው መግዣ ወደ ገበያ ይወጣል፤ የላሚቱም ወተት ተንጦ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። ሕፃኑ የሚበላው ትልልቆቹ የሚበሉትን ነው፤ እንጀራውን በሽሮ አርሳ ታጎርሰዋለች፥ ከጡትዋም ታጠባዋለች።

ይህች እናት ልጅዋን ስለምትጠላ ወይም ስለምትረሳ አይደለም። የሚያግዷት ሦስት ነገሮች ናቸው። ፊተኛው ዕቃው ነው። ድስትዋ አንድ ነው፥ እርሱም ሸክላ ነው፤ ሸክላ ደግሞ ቅባት ይጠጣል። ዛሬ ለሕፃኑ ቅቤ ያቀለጠችበት ድስት ነገ የሽማግሌውን አማት ጾም ያስገድፋል ብላ ትፈራለች። ሁለተኛው ዓይን ነው። በጾም የቅቤ ሽታ ከጎጆዋ ቢወጣ፥ ውሃ የምታወርደው ጎረቤት ምን ትላለች? ሦስተኛውና ጥልቁ የገዛ ሕሊናዋ ነው። የቤቱ በረከት በእርስዋ ጾም የተያዘ ይመስላታል፤ ልጁ ታሞ እንደ ሆነ ደግሞ ልትጾምለት እንጂ ልትገድፍለት አይቃጣትም።

ሕጉ ግን ይህን ሁሉ አላዘዘም። ፍትሐ ነገሥት በዐሥራ አምስተኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ለሕመምተኛ ምሕረት ያደርጋል፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የጾም ግዴታ እንደሌለበት፥ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም እንደ ደካማ ተቈጥረው ሊራራላቸው እንደሚገባ ያስተምራሉ። ልማዱም ራሱ ይህን ምሕረት ያውቃል። አራስ በጾም ብትወልድ እንኳ ገንፎዋ በቅቤ ይሠራላታል፥ አጥሚትም ትጠጣለች፤ የሚነቅፋት የለም። ነገር ግን ወንድ በአርባ፥ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ፥ በብዙ ቤት የእናቲቱም ዕረፍት በዚያው ቀን ያበቃል። ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት የሚጠባ ሲሆን፥ እናቲቱ በሰማንያ አንደኛው ቀን ከጾመኞቹ ጋር ትቈጠራለች። እንግዲህ ምሕረቱ የተሰጠው ስለ ደም መፍሰስና ስለ ምጥ ብቻ ነበርን? ስለ ጡትም ከሆነ፥ ጡቱ ከክርስትና በኋላ መች ደረቀ?

ይህ ነገር የቃል ክርክር ብቻ እንዳይደለ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። በ2008 ዓ.ም በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ከዕድሜያቸው በታች ቀጭጨው ተገኙ፤ በአማራ ክልል ግን ከመቶው 46 ነበሩ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመሬት ማነስ፥ የንጹሕ ውሃ ማጣት፥ ተቅማጥና ድህነት ሁሉ አሉበት፤ በጾም ብቻ የሚሳበብ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትንና ሞትን በየቤቱ እየመዘገበ የሚከታተልበት ጣቢያ አለው፤ በዚያ አካባቢም ስለ ሕፃናት አመጋገብ ብዙ ተመርምሯል። ሐኪሞች የሚስማሙበት ነገር ይህ ነው፤ ሕፃን ስድስት ወር ከሞላው በኋላ የእናት ጡት ብቻውን አይበቃውም። ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ሺህ ቀን የጐደለ ዕድገትም በኋላ ለመሙላት እጅግ ያስቸግራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያሉ ሕፃናት ሥጋ ወይም ዓሣ ወይም እንቍላል በየቀኑ እንዲመገቡ መክሯል። አሁን ሒሳቡ ይታሰብ። ከዓመቱ ቀን እኩሌታው ጾም ከሆነና ሕፃኑም ከቤቱ ጋር አብሮ ከጾመ፥ ከሺሁ ቀን ወደ አምስት መቶው ያለ ወተትና ያለ እንቍላል ያልፋል ማለት ነው፤ እኩሌቶቹ በማኅፀንና በጡት በእናቱ በኩል፥ እኩሌቶቹ በገዛ አፉ።

የነገሩ ሥር ግን ከሒሳብ የጠለቀ ነው፤ ጾም ምንድር ነው ከሚለው ይጀምራል። ጾም ማጣት አይደለም። ጾም ያለውን ለመብላት ሲችል፥ ስለሚበልጥ ነገር ብሎ በፈቃዱ መተው ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይሻል፤ የሚተው ነገርና የሚተው ፈቃድ። ከሁለቱ አንዱ ከጐደለ ስሙ ይለወጣል። በ2016 ዓ.ም በጃን አሞራና በሌሎችም የሰሜን ጎንደር ወረዳዎች ድርቅ በወደቀ ጊዜ፥ ማሳው ባዶ የቀረበት ገበሬ በፍስክም ቀን ቅቤ አልቀመሰም፤ ይህን ግን ጾም ብሎ የጠራው የለም፥ ረኃብ ነው። ምክንያቱም ፈቃድ አልነበረበትምና። እንግዲህ የዐሥራ አራት ወር ሕፃን ፈቃዱ ወዴት አለ? ወተቱን ስለ ማን ብሎ ይተዋል? የኀጢአት ስርየትን ያውቃልን? ከወተት የተከለከለ ሕፃን አልጾመም፤ ተርቧል። በገበሬው ቤት ረኃብ የተባለው፥ በአንቀልባ ውስጥ ሲሆን ጾም ሊባል አይችልም። እናቲቱም የሕፃኑን ረኃብ ከጾምዋ ጋር አስተባብራ ለእግዚአብሔር ባቀረበች ጊዜ፥ የራስዋ ያልሆነውን መሥዋዕት አድርጋ ሰጠች።

በዚህ ላይ የሚቃወም አይጠፋም፥ ቃሉም የሚናቅ አይደለም። ሃይማኖት በመጽሐፍ ብቻ አይወረስም፤ ልጅ ሃይማኖትን የሚማረው ከቤቱ ሽታ፥ ከእናቱ ጠባይ ነው ይላል። በፍልሰታ ትንንሽ ልጆች ደስ እያላቸው ጾመው ለመቍረብ ሲሽቀዳደሙ ያየ ሰው፥ ይህን ሊክድ አይችልም። ደግሞም አንድ ጊዜ ለሕፃኑ የተከፈተ በር ለአዋቂው ሳይዘጋ ይቀራል፤ ድካም የሌለበትም ሁሉ ደካማ ነኝ ማለት ይጀምራል ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱ እውነት አለበት። ሆኖም ልጅ የሚማረው ሲያስተውል ነው። የስምንት ዓመት ልጅ እናቱ ለታናሽ ወንድሙ እንቍላል ቀቅላ እርስዋ ራስዋ ሳትቀምሰው ስትቀር ቢያይ፥ ከዚህ የሚበልጥ የጾም ትምህርት ወዴት ያገኛል? ከፊቱ ምግብ አለ፥ የሚተወውም ሰው አለ፤ የሚተውበትንም ምክንያት ያያል። ምንም በሌለበት ቤት ግን መተውን ማን ይማራል? አላግባብ ስለሚያሳብበው ሰው ሲባልም፥ የሰነፉ ጎልማሳ ዕዳ በሕፃኑ ላይ ሊጫን አይገባም።

ጥያቄው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። ሰሜንን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ በ1833 ዓ.ም ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኞች ወደ ግብጽ በላኩ ጊዜ፥ የካቶሊኩ ካህን ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ አብረው ሄደው ነበር። በዚያ ዘመን በሁለቱ ወገን የነበረው ክርክር ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ስለ ሮማ ሥልጣን ነበር፤ ሕፃን ይጹም ብሎ ሕግ ያወጣ ግን ከሁለቱም ወገን የለም። በ1975 ዓ.ም (በምዕራባውያን አቈጣጠር በ1983) የታወጀው የካቶሊክ ሕገ ቀኖናም ከሥጋ የመከልከልን ግዴታ ከ14 ዓመት፥ የጾምን ግዴታ ከ18 ዓመት ያስጀምራል። በእስልምናም ነፍሰ ጡርና አጥቢ ሴት ለራሳቸው ወይም ለልጃቸው የሠጉ እንደ ሆነ ከረመዳን ጾም እንዲያርፉ ተፈቅዶላቸዋል። የካቶሊክዋም፥ የእስላምዋም፥ የተዋሕዶዋም እናት ግን በተፈቀደላት ማረፍ ሲያስጨንቃት ይታያል። ይህ የሚያሳየው ችግሩ ከሕግ ጥብቀት የመጣ አለመሆኑን ነው፤ ከፍቅር የመጣ ነው። የምትወድ ሰው ከታዘዘችው አትርፋ መስጠት ትፈልጋለች። ስለዚህ እናቲቱን ባለማወቅዋ መንቀፍ ስሕተት ነው፤ ትርፉን ከየት እንደምትሰጥ ማመልከት ግን ይገባል።

ይህንም ማመልከት ከሁሉ አስቀድሞ የንስሓ አባት ዕዳ ነው። እናቲቱ በጉልበትዋ ወድቃ «አባቴ፥ ይፍቱኝ፤ ለልጄ በጾም ወተት አፈላሁ» ብትል፥ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም፤ ፈትቶ ዝም ያለ ካህን በደል ነበረ ብሎ እንደ መሰከረ ይቈጠራልና። «ልጄ፥ ይህ በደል አይደለም፤ ነገም አፍዪለት» ብሎ በግልጽ ሊነግራት ይገባል። ለእርስዋ ለብቻዋም ቢነግራት አይበቃም። ጎረቤትዋ ካልሰማች፥ አማትዋ ካልሰማች፥ ባልዋም ካልሰማ ፍርሃትዋ አይለቃትም። ቃሉ በዐውደ ምሕረት ከቅዳሴ በኋላ፥ በማኅበርና በሰንበቴ ላይ፥ ወንዶቹ ባሉበት ሊነገር ይገባዋል። ለዕቃውም ነገር መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለሕፃኑ ብቻ የሚሆን አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ይህን ከገበያ ገዝቶ የሚያመጣ ባል ከሚስቱ ጾም ተካፋይ ይሆናል። ከዶሮዋ እንቍላል ጥቂቱ ለገበያ ሳይወጣ እንዲቀር የሚፈቅድም እርሱ ነው።

እናቲቱስ ራስዋ? የምታጠባ ሳለች ብታርፍ፥ ከጾም ውጭ ቀረች ማለት አይደለም። ጾም ከእህል ብቻ የሚደረግ አለመሆኑን ነቢያት ተናግረዋል፤ የታሰረውን መፍታት፥ ለተራበም ማካፈል እውነተኛ ጾም መሆኑን አስተምረዋል። በሌሊት ተነሥታ የምታጠባ፥ የደከመ ጐንዋን ሳታሳርፍ ለትልልቆቹ የጾም፥ ለትንሹ የፍስክ፥ ሁለት ዓይነት ምግብ በአንድ ምድጃ የምታዘጋጅ ሴት፥ ከእንቅልፍዋና ከጉልበትዋ እየጾመች ነው። የወተቱን ሽታ እያሸተተች ሳትቀምስ ለልጅዋ ብታጎርስ፥ ወይም እንድታርፍ ታዝዛ እያፈረች ብትቀምስ፥ በሁለቱም ፈቃድዋን ሰጥታለች፤ በፊተኛው ምኞትዋን፥ በሁለተኛው በሰው ዘንድ የሚመሰገንበትን ስምዋን ትታለች። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ የምታውቀው እርስዋ ናት።

የፋሲካ ሌሊት ደወል ሲደወል፥ በደባርቅና በዳባት ቤቶች ሁሉ የፍስክ ድስት ይጣዳል፥ ለፋሲካ የተጠራቀመው ቅቤም ይወጣል። ሁሉም እንደ ጾሙ መጠን ደስ ይለዋል። ሕፃኑ ግን ከሌላው ቀን የተለየ ነገር ሊያገኝ አይገባውም፤ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሁሉ እንቍላሉን ሲበላ፥ ወተቱን ሲጠጣ መሰንበት ነበረበትና። በእናቱ አንቀልባ ውስጥ ጠግቦ የተኛ ሕፃን የእናቱ ጾም ላለመጓደሉ ምስክር ነው።