ያወረደ ቃሬዛ ይመልስ

ወገኖቼ፣ በላስታ ደጋ ሰው ሲታመም አገሩ እንዴት እንደሚነሣ ታውቃላችሁ። ሌሊትም ቢሆን ጎረምሳው ይጠራራል፣ ቃሬዛ ይታሰራል፣ ከአሸተን ማርያም ግርጌም ሆነ ከማዶው ጎጥ በሽተኛው በትከሻ እየተፈራረቀ ላሊበላ ሆስፒታል ይደርሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ አባቶች፣ በዚህ ማንም አያማንም።

እኔን የሚያሳስበኝ መመለሻው ነው። ሐኪሙ ሆድ ከፍቶ የተጠማዘዘውን አንጀት ካቃና፣ ትርፍ አንጀቱን ካወጣ፣ ወይም ሕፃኑን ካዋለደ በኋላ «ተመስገን፣ ተረፈ» ብለን እንበተናለን። በሰው ትከሻ የወረደው ሰው ዳገቱን በእግሩ፣ ያውም ጓዙን አንጠልጥሎ ይወጣዋል። ቆዳው በሁለት ሳምንት ገደማ ቢገጥም፣ ከሥሩ ያለው የሆድ ግድግዳ ለመጥናት ብዙ ሳምንት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ሐኪሞች እስከ 6 ሳምንት ከባድ ነገር አታንሡ ማለታቸው ለዚህ ነው። እንስራ ያዘለች፣ እንጨት የተሸከመች ሴት ስፌቷ ከውስጥ ሊላላ፣ አንጀቷም በክፍተቱ ሊገፋ ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ይህን የምለው ለታመመ ብቻ አይደለም። ዛሬ ከአዲስ አበባም ከባሕር ማዶም ወደ ኢስታንቡል ሄደው፣ ከወሊድ በኋላ የላላውን የሆዳቸውን ቆዳ አስቆርጠው፣ ጡንቻውን አሰፍተው የሚመለሱ ልጆች አሉን። አልፈርድባቸውም። ሥጋ ቢላዋው ለምን እንዳረፈበት አይጠይቅም፤ ቁስሉ ያው ቁስል ነው። ለውበት ከሚደረጉት ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ደም በእግር የደም ሥር ውስጥ ረግቶ ወደ ሳንባ የመሄዱ አደጋ ከፍ የሚለው በዚህ በሆዱ ነው። የሚያሳዝነኝ መደበቃቸው ነው። ሐሜት ፈርታ ለማንም ያልተናገረች ልጅ፣ ዘመድ ሊስማት ሲያቅፋት ትቀበላለች፣ ሻንጣ ያዢ ሲሏት ታነሣለች፣ ቡና አፍዪ ስትባል ጎንበስ ትላለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»። ልጄ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አትንገሪ፤ ለእናትሽ ወይም ለእህትሽ ግን ንገሪ።

ደግሞም ለመብረር አትቸኩሉ። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር የሳሳ ነው፤ በሆድ የቀረ ነፋስም በዚያ ይለጠጣል። የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን ባለ ሥልጣን ቀለል ላለ የሆድ ቀዶ ሕክምና ከ4 እስከ 5 ቀን፣ ለከባዱ 10 ቀን ጠብቁ ይላል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የቀደዳችሁ ሐኪም ነው። ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አሸተን ከ3,000 በላይ። ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ደግሞ ሌላ ከፍታ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ከወልድያ በድልብ፣ በጋሸና አድርጎ በመኪና የሚመጣም ቢሆን፣ ሾፌሩን አስቀድሞ ይለምን፤ በየሰዓቱ ገደማ ይቁምለት፣ ወርዶ ጥቂት ይራመድ። ቀበቶውና ሆዱ መካከል ትንሽ ትራስ ያድርግ። ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣ ትራሱን ሆዱ ላይ ጫን ያድርገው፣ ሕመሙ ይቀልለታል። ውኃ መጠጣትም አይርሳ።

ቤት ከገባ በኋላ ማረፍ እንዴት እንደሆነ እኛ አናጣውም፤ አራስን 40ና 80 ቀን የምንንከባከብ ሕዝብ ነን። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ እንቁላሉ፣ ይኸው ለተቀደደም ይገባል፤ ጾም ከሆነም የንስሐ አባት ይጠየቅ፣ ለታመመ ይፈቅዳሉ። አንዱን ልማድ ግን እንተው፤ የተቀደደችው ተኝታ አትነቃነቅ፣ ከአልጋ አትውረድ ማለትን። ደም የሚረጋው ሰው ሲጋደም ነው። በጎኗ ዞራ፣ በክንዷ ተደግፋ ትነሣ፤ በቤት ውስጥ፣ ከዚያ እስከ ደጅ፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት ትራመድ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። የሆዷ ቆዳ የተቆረጠላት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎበጥ ብላ ብትሄድ፣ ስትተኛም ከራስጌዋ ከፍ፣ ጉልበቷን እጥፍ ብታደርግ አይግረማችሁ፤ ስፌቱ እንዳይወጠር ነው።

ስለት ያለባችሁም አላችሁ። ጤና ከሰጠሽኝ ደጅሽን እስማለሁ ብሎ የተሳለ ሰው፣ ወሩ በገባ በ21 አሸተን ለመድረስ ይጣደፋል። በቅሎም ብትሆን በዚያ ድንጋይ መንገድ ሆድን ታናውጣለች። ጧፉና ዕጣኑ በወንድም እጅ ይሂድ። እመቤታችን ስፌት በጥሶ የመጣን አትወድም፤ ሐኪም ሲፈቅድ ራስ ሄዶ ይሳማል። ጠበሉም ቢሆን ቁስሉ ሳይደርቅ እንዳይፈስስበት።

አስታማሚ የሆናችሁ ደግሞ ዓይናችሁ አይተኛ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ ሆድ ተነፍቶ ትውከት ካስከተለ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዱ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።