የመቀነት ገንዘብ

መቀነት የወገብ ማሰሪያ ብቻ አልነበረም፤ የእናቶቻችን ባንክም ነበር። ከወር አስቤዛ የተረፈች ብር ጫፉ ላይ ትቋጠርና እስክትፈለግ እዚያው ትከርማለች። የልጅ ደብተር ሲያልቅ፣ ጎረቤት ስትወልድ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ መመለሻ ሲያጣ ቋጠሮዋ ትፈታለች። አባወራው ያውቅ ነበር? ሳያውቅ አይቀርም። ግን «ከየት መጣ?» ብሎ አይጠይቅም። ጨዋ ባል ቋጠሮ አያስፈታም።

ዛሬ ደመወዝ ባንክ ይገባል። አስቤዛው በካርድ ወይም በስልክ ይከፈላል፤ መብራቱና ውሃውም እንደዚያው። የአንድ ወር የውሃ ሂሳብ ለመክፈል ግማሽ ቀን ተሰልፎ መዋል ቀረልን፤ ያንን ሰልፍ ናፈቀኝ የሚል ሰው ካለ ተሰልፎ የማያውቅ መሆን አለበት። ነገር ግን ካርዱ በተነካ ቁጥር ስልክ ላይ መልእክት ይመጣል። መልእክቱ የሚመጣው ደግሞ ሂሳቡ በስሙ ለተከፈተው ሰው ነው፤ በብዙ ቤት ይህ ሰው አባወራው ነው። እማወራዋ ሱፐርማርኬት ውስጥ ገና ፌስታሏን ሳታነሳ፣ ባልየው ቢሮው ተቀምጦ ከሂሳቡ ይህን ያህል ብር እንደወጣ አንብቦ ጨርሷል። ሚስት ከባሏ ጋር አብራ የምትኖረውን ያህል ከመልእክቱም ጋር አብራ ትኖራለች።

ለመሆኑ ሚስት ከቤት ወጪ ላይ ሳትናገር የምታስቀራት ገንዘብ ምንድን ናት? ስርቆት ናት ወይስ ድርሻዋ? ድሮ ይህን ጥያቄ መቀነቱ ሸፍኖልን ነበር። ካርዱ ግን ገልጦ ፊታችን አስቀመጠው።

አንድ ወዳጄ አለ፤ የተማረ፣ ለቤቱ የሚለፋ፣ ክፉ የማይባል ሰው። ሰሞኑን ቡና እየጠጣን ሲያማርር ዋለ። «በሳምንት ሁለት ጊዜ ከኤቲኤም ታወጣለች። ለምን ስላት ‘ለቤት ነው’ ትለኛለች። ቤቱን እኮ አውቀዋለሁ!»

እውነት ያውቀዋል? የሚያውቀው ደረሰኝ ያለውን ቤት ነው። የመብራቱን ያውቃል፣ የትምህርት ቤቱን ያውቃል፣ የሱፐርማርኬቱን እስከ ሳንቲሙ ያውቃል። ጉሊት ላይ የተገዛውን ጎመን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ የከሰሉን፣ የበርበሬ ቀንጣሿን፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ቆሻሻ የሚያነሱትን ልጆች ግን አያውቃቸውም፤ እነሱ ካርድ አይቀበሉማ። ለቅሶ ሲደረስ በእጅ ባዶ እንደማይኬድ፣ አራስ ስትጠየቅ ገንፎው በባዶ እንደማይበላ ያውቃል፤ ሂሳቡን ግን ሠርቶት አያውቅም። የቤተሰቡ ስም በሰፈር የሚጠበቀው በነዚህ ደረሰኝ በሌላቸው ወጪዎች ነው፤ ጠባቂዋም እሷ ናት። መልእክቱ «ሁለት ሺህ ብር ወጣ» ይላል። ስለ ምክንያቱ ዝም ነው። ወዳጄ ደግሞ ምክንያት ያልተጻፈለትን ሁሉ ጥርጣሬ ይሞላበታል።

ወዳጄ ግን ቀላል ተከራካሪ አይደለም። «ብሩ አይደለም የከነከነኝ፤ መደበቋ ነው» አለ። «ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ከሆኑ ምን መደባበቅ ያስፈልጋል?» ይህን በሳቅ ማለፍ አይቻልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ የቤት አስተዳደሩን ለሁለቱም እኩል ሰጠ፤ ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢም የጋራ ሀብት አደረገው። እንግዲህ ወዳጄ «ደመወዜ» የሚለው ነገር ቤት ሲገባ የሁለቱ ነው። ሰው ከገዛ ገንዘቡ አይሰርቅም። ግን ይኸው ሕግ ለወዳጄም ያግዘዋል፤ የጋራ ከሆነ ከጋራው ላይ ለብቻ መሸሸግስ በምን ሂሳብ ልክ ይሆናል?

እዚህ ላይ አንድ ልብ ወለድ ላንሳ። «ክሬዲት ካርድ» የሚለውን ስም ከባንኮች ቀድሞ የተጠቀመበት ደራሲ ነው፤ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቤላሚ፣ እ.ኤ.አ. በ1888 ባሳተመው «ወደ ኋላ መመልከት» በተሰኘው መጽሐፉ። በ1887 የተኛ የቦስተን ሰው በ2000 ይነቃል። በነቃበት ዓለም ገንዘብ የለም፤ እያንዳንዱ ዜጋ ከአገሪቱ ዓመታዊ ምርት ድርሻው የተሰፈረበት ካርድ ይይዛል፤ ዕቃ በወሰደ ቁጥር ካርዱ ላይ ይበሳለታል። ስሙ ክሬዲት ይሁን እንጂ ብድር የለበትም፤ ነገረ ሥራው ዛሬ ኪሳችን ያለውን የኤቲኤም ካርድ ይመስላል። አንባቢ ሁሉ የሚደነቀው በዚህ ትንቢት ነው። እኔ ግን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ቆም የምለው ሌላ ቦታ ላይ ነበር። በቤላሚ ዓለም ሚስት የራሷ ካርድ አላት፤ ለመተዳደሪያዋ የባሏን እጅ አታይም። ደራሲው የአንዱ ሰው እንጀራ በሌላው መልካም ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉን እንደ ነውር ነው የሚያየው። የገዛ አገሩ ባንኮች ግን ካርዱን ወስደው ሐሳቡን ትተውታል፤ ክሬዲት ለጠየቀች ባለትዳር «ባልሽ ይፈርም» ማለት የተለመደ ነበር። በጾታና በጋብቻ ምክንያት በብድር ላይ አድልዎ ማድረግን የከለከለው የአሜሪካ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ መጽሐፉ ከታተመ ከ86 ዓመት በኋላ።

ወደ ጓዳችን እንመለስ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጥቷል፤ ስልክ ያላት ሴት በስሟ ገንዘብ ማስቀመጥ ትችላለች። አዲሱ መቀነት ይኸው ነው የሚሉ አሉ። መቀነቱስ ልክ ነው፤ የሚቋጠረውስ? የራሷ ገቢ የሌላት እማወራ በስልኳም ይሁን በወገቧ የታጠቀችው ባዶ መቀነት ነው።

መደበቅን ላሞግስ አልተነሳሁም። ዋጋውን አውቀዋለሁ፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ልጆች ናቸው። «ለአባትህ እንዳትነግር» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ ያደገ ካለ እጁን ያውጣ! ልጅ ከዚያች ዓረፍተ ነገር የሚማረው ቁጠባን አይደለም። የሚማረው እውነት ለአንዱ ወላጅ የሚነገር፣ ለሌላው የሚከለከል ነገር መሆኑን ነው። ከዚያ በኋላ በሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ ብንጮህበት ምን ዋጋ አለው?

ሆኖም ከሁለቱ ወደ ማን ታደላለህ ብትሉኝ ወደ እሷ ነው። ግልጽነት የሚያምረው ሁለቱም ሲተያዩ ነው። አንዱ አይቶ ሌላው ከታየ ቁጥጥር እንጂ ግልጽነት አንለውም። በየቀኑ ለሽንኩርት ምክንያት መስጠት የሚያዋርዳት ሴት ገንዘቡን ብትሸሽግ፣ የሸሸገችው ብሩን ሳይሆን መጠየቁን ይመስለኛል። እሱን «አንድ ሥጋ ነን» ከሚለው አፍ ሸሽጎ ማስቀረት ከተቻለ ይቅርባት አልልም።

ወዳጄን ጠየቅኩት። «አንተ ከኤቲኤም ስታወጣ መልእክቱ ለማን ነው የሚመጣው?»

«ለኔ ነዋ!»

«እሷስ ታየዋለች?»

ሳቀ። «የኔ እኮ ተራ ወጪ ነው፤ ትንሽ ታክሲ፣ ትንሽ ድራፍት...»

ሂሳብ ልንከፍል ስንል አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት። ደመወዙ ሲገባ፣ ብዙ ባይሆንም የተቆረጠ ገንዘብ በየወሩ በስሟ ወደተከፈተ ሂሳብ ይግባ፤ መልእክቱ ለእሷ ይምጣ፤ እሱም አይጠይቅ። ትንሽ አሰበና ስኒውን አስቀመጠ።

«ምን ታደርግበታለች?» አለኝ።