የመጠበቅ ልክ

እንዲተነፍስበት በልጅ አንገት ላይ በተከፈተ ቀዳዳ የገባ ቱቦ ሲወጣ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሐኪሙም አያትየዋም የሚሉት አንድ ነው፦ እንጠብቅ። እኔ መቀለ ውስጥ በአንገት በላይ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። መጠበቅ እምነት መሆኑ የሚያበቃው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ይነሳኛል።

ቱቦው ብዙ ወራት የቆየበት ልጅ የአንገቱ ቆዳ ወደ ውስጥ እያደገ ከአየር ቧንቧው ሽፋን ጋር ይጋጠማል። ያኔ ቀዳዳው ቁስል መሆኑ ይቀራል፤ ሰውነት ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ያርፋል። ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት የሚታገሡት በራሱ ይዘጋ እንደሆነ ለማየት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን የሚሽር ቁስል የለም። (ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ ብዙ ሕሙማን የጠበቁት ተገድደው ነው፤ ያንን ማንም ትዕግሥት ብሎ አይጥራብኝ።)

«አደይ፣ ኦፕራሲዮን ይደረግለት» ያልኳቸው አንዲት አያት «እግዚአብሔር ይዘጋዋል፤ ቢላ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው መናገር ሲፈልግ አገጩን ደፋ አድርጎ ቀዳዳውን በጣቱ ይደፍናል። ሲያስለው አክታው በአንገቱ ይወጣል፤ እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉለታል። ጠበል ሊያስጠምቁት ይመኛሉ፤ ውኃው ግን በዚያች ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል።

ስለ እግዚአብሔር ያሉት ልክ ነው እላለሁ፤ ኦፕራሲዮኑ ራሱ ያሳየዋል። ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ የላይኛው የአየር መንገድ ክፍት መሆኑን በካሜራ ያያል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ የበቀለውን ቆዳ ቆርጦ ያወጣል። ቀዳዳውን ጥብቅ አድርጎ ቢሰፋው አየር ከቆዳ ሥር ሾልኮ አንገቱን ሊያሳብጠው ስለሚችል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይሰፋውም፤ ትኩስ ቁስል አድርጎ ይተወዋል፤ ቁስሉም ከሥር እየሞላ ይገጥማል። የቢላው ሥራ የዳነውን መልሶ ማቁሰል ነው። መግጠሙ፣ እሳቸው እንዳሉት፣ የእግዚአብሔር ነው። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን እንድናከብር ሲያዘን ሐኪሙን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ብሎ ነው።

ቱቦው ከወጣ ዓመት አልፎት አንገቱ ያልተዘጋ ልጅ ያላችሁ፣ ጸሎታችሁን ሳትተዉ ልጁን ለአንገት በላይ ሐኪም አሳዩት።